የተወደደ ሰፈር፦ ነጻ የጥበብ ማኅበረሰብ በምትለወጥ ከተማ ውስጥ እንዴት ይዘልቃል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዟል። ከመንግሥት ተቋምም ሆነ ከትልልቅ የንግድ ድርጅቶች ውጭ በራሳቸው አቅም የሚቆሙ ሠዓልያን፣ ሙዚቀኞች፣ ተወዛዋዦችና የቴአትር ሰዎች፣ የሚኖሩባት ከተማ መልኳ ሲለወጥና የመሬቷ ዋጋ ሲያሻቅብ እንዴት ሊዘልቁ ይችላሉ? ጥያቄው የሠዓልያን ብቻ አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በሚቀጥለው ዓመት ተመርቀው የሚወጡ ተማሪዎች አሉ። ዲፕሎማው በእጃቸው ይገባል፤ ሸራውን የሚወጥሩበት፣ ከበሮውን የሚመቱበት ክፍል ግን ከዲፕሎማው ጋር አይሰጣቸውም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በቅርቡ የእናንተ ጉዳይ ይሆናል።

ንግግሬን በአራት ከፍያለሁ። በመጀመሪያ ቃሉን አብራራለሁ። ቀጥሎ የሌሎች ከተሞችን ልምድ እመለከታለሁ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። በመጨረሻም ሊደረግ ይችላል የምለውን እጠቁማለሁ።

፩. «መወደድ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት

በከተማ ጥናት ዘርፍ «ጄንትሪፊኬሽን» የሚባለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመችበት ሩት ግላስ የተባለች የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ናት፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1964፣ ከተማዋም ለንደን ነበረች። ግላስ የታዘበችው የሠራተኛው መደብ ይኖርባቸው የነበሩ ሰፈሮች አንድ በአንድ በመካከለኛው መደብ እጅ ሲገቡ፣ ያረጁት ቤቶች ሲታደሱና ነባሩ ነዋሪ ሲወጣ ነው። ቃሉ የተገኘው በእንግሊዝ አገር ከባላባቱ ዝቅ ብሎ ለሚገኘው ባለርስት መደብ ከተሰጠው ስም ሲሆን፣ ለስላቅ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

በአማርኛ ለዚህ ቃል የጸና ትርጉም አላገኘንለትም። ነገር ግን ቋንቋችን ነገሩን ከማንኛውም የውጭ ቃል በተሻለ የሚገልጽ አንድ ግሥ አለው፤ እርሱም «ተወደደ» ነው። ሰው ሲወደድ ይፈቀራል፤ ጤፍ ሲወደድ ዋጋው ይንራል። ሰፈር ሲወደድ ግን ሁለቱም በአንድነት ይሆናሉ። ሰዎች ሰፈሩን ስለወደዱት ይወደዳል፤ ስለተወደደም ተወዳጅ ያደረጉት ሰዎች ሊኖሩበት አይችሉም። የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በዚህ አንድ ግሥ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

«ነጻ የጥበብ ማኅበረሰብ» ስል ደግሞ ምን ማለቴ እንደሆነ ልግለጽ። አንድ ባለሙያ ብቻውን ማኅበረሰብ አይሆንም፤ አንድ ጋለሪም እንዲሁ። ማኅበረሰብ የሚሆነው አራት ነገሮች በአንድ አካባቢ ሲገናኙ ነው። አንደኛው ጊዜ ያለው ቦታ ነው፤ ማለትም ነገ ውጣ የማይባልበት ክፍል። ሁለተኛው ዝቅተኛ ወጪ ነው፤ ባለሙያው በሳምንት ጥቂት ቀን ሌላ ሥራ ሠርቶ ቀሪውን ቀን ለጥበቡ መስጠት የሚችልበት ወጪ። ሦስተኛው ቅርበት ነው፤ ያለ ቀጠሮ መገናኘት፣ ሥራን ለባልንጀራ ማሳየት፣ መሣሪያ መዋዋስ። አራተኛው በእግሩ የሚመጣ ተመልካች ነው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ባለሙያው ሊቀጥል ይችላል፤ ማኅበረሰቡ ግን ይበተናል።

የቦታ ነገር በሥራው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ቀላል ምሳሌ ላንሣ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስቱዲዮ ለወጠ፤ በየጊዜው የሚያገኘው ክፍል ካለፈው ያነሰ ነበር። ሥራዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ብትደረድሯቸው ሸራው እየጠበበ መሄዱን ታያላችሁ። ሐያሲ የሚባል ሰው «ሠዓሊው ወደ ረቂቅና ወደ ውስጣዊ ዓለም አመራ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እኔ ግን በሸራው ጠርዝ ላይ የኪራዩን መጠን አነባለሁ።

፪. ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ትምህርቶች

የመጀመሪያው ምሳሌ በኒው ዮርክ የሚገኘው ሶሆ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አነስተኛ ፋብሪካዎች ከታችኛው ማንሃታን ሲለቁ፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ ፎቆች ባዶ ቀሩ። ሠዓልያን በርካሽ ተከራይተው ገቡ። ሕጉ በእነዚያ ሕንፃዎች መኖርን ስለሚከለክል መኖራቸውን ይደብቁ ነበር። ጆርጅ ማቹናስ የተባለው የፍሉክሰስ እንቅስቃሴ መሪ በ1960ዎቹ አጋማሽ ማብቂያ ላይ ሠዓልያን ተባብረው ሕንፃ የሚገዙባቸውን ማኅበራት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከተማዋ ሕጓን አሻሽላ በይፋ ለተመሰከረላቸው ሠዓልያን በሶሆ ፎቆች ውስጥ እንዲኖሩና እንዲሠሩ ፈቀደች፤ በ1982 ደግሞ የኒው ዮርክ ግዛት በእንዲህ ያሉ ፎቆች የሚኖሩ ተከራዮችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ።

ታዲያ ሶሆ ዛሬ የሠዓልያን ሰፈር ነውን? አይደለም፤ የታወቁ የልብስና የጌጣጌጥ መደብሮች ሰፈር ነው። ጋለሪዎቹ በ1990ዎቹ ወደ ቼልሲ ተሰደዱ። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሯ ሻሮን ዙኪን በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ የሠዓሊው አኗኗር ራሱ እንዴት የሚሸጥ ዕቃ እንደሆነ አሳይታለች። ገዢው የሚከፍለው ለፎቁ ብቻ አልነበረም፤ ሠዓሊው በፎቁ ላይ ላሳረፈው ዝናም ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ሕጋዊ ፈቃድ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ፈቃዱ ሠዓሊውን ከፖሊስ ያድነዋል፤ ከገበያ ግን አያድነውም።

በዚያው ከተማ ግን ተቃራኒ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የቀድሞው የቤል ስልክ ኩባንያ የምርምር ቤተ ሙከራ ሕንፃ ታድሶ፣ ዌስትቤዝ በሚል ስም ለባለሙያዎች መኖሪያና መሥሪያ ሆነ። ሦስት መቶ ሰማንያ አራት መኖሪያዎች አሉት፤ ባለቤቱ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። ዙሪያው ከከተማዋ ውድ ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ሳለ ዌስትቤዝ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ዘልቋል። የዘለቀበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሕንፃው አይሸጥም። ጉድለቱ ደግሞ ከዚያው ይመነጫል፤ የገባ ሰው ስለማይወጣ አዲሱ ትውልድ ለብዙ ዓመታት በር ላይ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ በርሊን ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ፣ ባለሙያዎች ሊፈርስ የታቀደ አንድ አሮጌ የገበያ ሕንፃ ያዙ፤ ታኸለስ ብለውም ሰየሙት። ለሃያ ዓመታት ያህል የስቱዲዮ፣ የቴአትርና የሲኒማ ቤት ሆነ፤ ከዓለም ዙሪያ ጎብኚ የሚመጣበት ስፍራም ሆነ። በ2012 ግን የመጨረሻዎቹ ባለሙያዎች እንዲወጡ ተደረገ፤ ቦታው ዛሬ ውድ መኖሪያዎችና ቢሮዎች ቆመውበታል። ታኸለስ ዝና ነበረው፤ መሬቱ ላይ ግን መብት አልነበረውም።

በዚያችው በርሊን፣ ቬዲንግ በተባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ ብዙም ዝና ያልነበረው ሌላ ቦታ ነበር። ሮታፕሪንት የተባለ የማተሚያ መሣሪያ ፋብሪካ በ1989 ከከሰረ በኋላ ግቢውን አነስተኛ ባለሙያዎችና ሠዓልያን ተከራይተውት ቆዩ። ከተማዋ ግቢውን ልትሸጥ ስትነሣ ተከራዮቹ ተደራጁ። በ2007 የተደረሰበት ስምምነት እንዲህ ነው፦ መሬቱን ትሪያስና ኤዲት ማርዮን የተባሉ ሁለት በጎ አድራጊ ተቋማት ገዙት፤ ሕንፃዎቹን ደግሞ ኤክስሮታፕሪንት የተባለው የተከራዮቹ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ለ99 ዓመት በሚቆይ ውል ያዛቸው። ለመሬቱ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፤ ነገር ግን መሬቱም ሕንፃውም ለትርፍ ሊሸጥ አይችልም። ከዚያም በላይ ቦታውን ለሦስት ከፈሉት፤ ሲሶው ለእጅ ሙያና ለአነስተኛ ማምረቻ፣ ሲሶው ለማኅበራዊ አገልግሎት፣ ሲሶው ለጥበብ።

ይህ ክፍፍል በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ሠዓልያኑ ግቢውን ሁሉ ለራሳቸው አላደረጉትም፤ ከአናጢውና ቋንቋ ከሚማረው ስደተኛ ጋር ተካፈሉት። ሠዓሊ ብቻውን ሲቆም የሰፈሩ ዋጋ መናር የመጀመሪያ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲቆም ግን የሰፈሩ አካል ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ቶሮንቶ ሲሆን ማስጠንቀቂያ ነው። አርትስኬፕ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ተመሥርቶ ለባለሙያዎች ስቱዲዮና መኖሪያ በማዘጋጀት በዓለም ዙሪያ አርኣያ ተደርጎ ይጠቀስ ነበር። በ2023 ግን የዕዳውን ጫና መቋቋም እንዳልቻለ አስታወቀ፤ ንብረቱም በሌላ አካል አስተዳደር ሥር ለመግባት በቃ። ድርጅቱን የጣለው የጥበብ እጥረት አልነበረም፤ ከገቢው አቅም በላይ የተበደረው ብድር ነው። ለትርፍ አለመሥራት ከገንዘብ ሕግ ነጻ አያወጣም።

እነዚህን ምሳሌዎች አንድ ላይ ስናያቸው አንድ ሐሳብ ይወጣል። የዘለቁት ዝነኞቹ ወይም ምርጥ ሥራ የተሠራባቸው ስፍራዎች ስለሆኑ አይደለም። የዘለቁት በጥሩው ዘመን፣ ሰፈሩ ገና ርካሽ ሳለ፣ የይዞታቸውን ጥያቄ የመለሱት ናቸው። ሰፈሩ ከተወደደ በኋላ የሚጠየቅ የይዞታ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል።

፫. አዲስ አበባ፦ ያልተነገረው ድጎማና መጨረሻው

ወደ ከተማችን ስንመለስ፣ ከውጭ ያመጣነውን ንድፈ ሐሳብ እንዳለ ልንጭንባት እንደማንችል እንረዳለን። በለንደንና በኒው ዮርክ ነዋሪውን የሚያስወጣው ኪራይ ነው፤ ቀስ በቀስ፣ ቤት በቤት። በአዲስ አበባ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ይህም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ተደንግጓል። ስለዚህ ለውጡ በአብዛኛው የሚመጣው በውሳኔ ነው፤ ሰፈር በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካሳንችስ ያየነው ይህንኑ ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀነሰ፤ ብዙዎቹም የቀበሌ ቤት ሆኑ። አዋጁ ስለ ጥበብ አንድም ቃል አልተናገረም። ሆኖም ለአሥርት ዓመታት ዝቅ ብሎ የቆየው የቀበሌ ቤት ኪራይ፣ ማንም ሳያቅደው፣ በከተማዋ ታሪክ ሰፊው የጥበብ ድጎማ ሆነ እላለሁ። አዝማሪው በመሐል ከተማ መኖር የቻለው፣ ሠዓሊው ከአያቱ በወረሰው ሁለት ክፍል ውስጥ ሸራውን የዘረጋው፣ ተወዛዋዡ ከሌሊት ሥራው በእግሩ ወደ ቤቱ የገባው በዚህ ድጎማ ነበር። ድጎማው ስም ስላልነበረው፣ ሲያበቃ ማብቃቱን የመዘገበ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። አሮጌዎቹን ሰፈሮች በናፍቆት ብቻ ማየት ተገቢ አይደለም። በብዙ ግቢዎች አንዱን መጸዳጃ ቤት ብዙ አባወራ ይጋራው ነበር፤ ጣሪያ ያፈስሳል፤ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መንገድ ነበር። ነዋሪው የተሻለ ቤት መመኘቱ መብቱ ነው፤ ለእኛ ውበት ሲባል በጭቃ ውስጥ እንዲኖር ልንጠይቀው አንችልም። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ከተማዋ ትለወጥ ወይስ አትለወጥ የሚል አይደለም። ስትለወጥ ምንን ትቆጥራለች ነው።

ካሳንችስን እንውሰድ። ስሙ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። ሰፈሩ በኋላ በአዝማሪ ቤቶቹ ታወቀ። ከእነርሱ አንዱ ፈንድቃ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በዚያ ቤት ለዓመታት ከጨፈረ በኋላ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቤቱን ራሱ ተረከበው፤ ከጊዜ በኋላም ጋለሪ፣ የመጻሕፍት ስፍራና የሙዚቃ መድረክ ያለው የባህል ማዕከል አደረገው። ኢትዮ ከለር የተባለው ቡድን ከዚያ ተነሥቶ በዓለም መድረኮች ታይቷል። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ቤቱም ፈረሰ።

የአዝማሪ ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የጠፋው ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው ዝም ብሎ የሚያዳምጥ አይደለም። «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል፤ ጎረቤቱን ያሞግሳል፣ ይሸነቁጣል፣ በቅኔ ይወጋል። ይህ እንዲሆን ክፍሉ ትንሽ መሆን አለበት፤ አዝማሪው የታዳሚውን ፊት ማየት፣ ታዳሚውም እርስ በርሱ መተዋወቅ አለበት። ያንኑ አዝማሪ ወደ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ብትወስዱት ድምፁ አይጠፋም፤ ደመወዙም ምናልባት ይሻሻል ይሆናል። ስንኝ የሚሰጠው ሰው ግን በአዳራሹ የለም። ጥበቡ ሳይጠፋ ዓይነቱ ይለወጣል፤ ከምልልስ ወደ ትርኢት ይሸጋገራል። የቦታ ጥያቄ የቅርጽ ጥያቄ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ማኅበረሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንጠለጠል ምን ያህል ደካማ እንደሚሆን ከማፍረስ ውጭ ባሉ አጋጣሚዎችም አይተናል። በጥር 2007 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ በውስጡ የነበረው የጃዛምባ መድረክም አብሮ ጠፋ፤ የከተማዋ የጃዝ ወዳጆች የሚገናኙበት ቤት በአንድ ቀን አጡ። በሌላ በኩል ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ለዓመታት በትዕግሥት የገነቡት ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 በመካኒሳ ተከፍቷል፤ በጭቃና በጭድ ጥንታዊ የአሠራር ጥበብ የታነጸ ነው። ዞማ የሚያሳየን የራስ ይዞታ ላይ የቆመ ሥራ ርቆ ማቀድ እንደሚችል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ወጣት ባለሙያ የራሱን ሙዚየም ሊገነባ አይችልም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በልማት ምክንያት ከቦታው ለሚነሣ ሰው አማርኛችን «የልማት ተነሺ» የሚል ስም ሰጥቶታል። ተነሺ ለመባል በቅድሚያ ባለይዞታ መሆን ያስፈልጋል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይም በሥራ ላይ ባለው አሠራር ምትክ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት የማግኘት ዕድል ይሰጠዋል። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ማታ ማታ የሚዘፍነው፣ በግቢው ጥግ ስቱዲዮ የተከራየው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ሥዕል የምታስተምረው፣ እነዚህ ሁሉ ተነሥተዋል እንጂ ተነሺ አይደሉም።

የካሣ አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ አንድ ትልቅ እርምጃ ወስዷል። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሣ እንደሚከፈል ደንግጓል። ይህ ማለት ሕጋችን ጉርብትና ዋጋ ያለው ነገር እንደሆነ፣ ሲቋረጥም ጉዳት እንደሚያስከትል አምኖ ተቀብሏል ማለት ነው። ችግሩ ካሣው የሚከፈለው ለየግለሰቡ መሆኑ ነው። ትስስር በባሕርዩ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው፤ ለየራሳቸው ገንዘብ ሰጥቶ ማካካስ የተቆረጠን ገመድ ሁለት ጫፍ ለሁለት ሰው እንደ ማከፋፈል ነው። እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ ይሄዳል፤ ገመዱ ግን የለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና የኪራይ ጭማሪ በሥርዓት እንዲሆን አድርጓል። ስሙ እንደሚያመለክተው ግን የሚጠብቀው መኖሪያን ነው። ስቱዲዮ፣ የልምምድ ክፍል፣ ትንሽ ጋለሪ ከጥላው ውጭ ናቸው። ባለሙያው በመኝታ ክፍሉ ቢሥል ይጠበቃል፤ ሥራውን በሌላ ክፍል ቢያደርግ ግን ለገበያው ተጋልጧል።

፬. ምን ማድረግ ይቻላል?

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛው ቆጠራ ነው። ሰፈር ከመነሣቱ በፊት ቤትና አባወራ ይቆጠራል፤ አገልግሎቱም ይቆጠር። በዚህ ክፍል ማታ ማን ይሠራል? ከማን ጋር? ታዳሚው ከየት ይመጣል? ይህ ጥናት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች በአንድ የትምህርት ዘመን ሊሠሩት ይችላሉ። ያልተቆጠረ ነገር ካሣ ሊጠየቅለት ቀርቶ ሐዘን እንኳ አይቀመጥለትም።

ሁለተኛው ምደባ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሬት በጨረታና በምደባ የሚተላለፍበትን ሥርዓት አስቀምጧል። በጨረታ ሠዓሊ ከባንክ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ስለዚህ መንገዱ ምደባ ነው፤ ወይም ደግሞ ቦታ በጨረታ ለሚወስድ አልሚ ከምድር ቤቱ የተወሰነውን ክፍል ለአካባቢው የጥበብ ማኅበር በረጅም ጊዜ ውል እንዲያከራይ የሚያስገድድ የውል ቃል ነው። በአዳዲሶቹ የኮሪደር ልማት መንገዶች ዳር ብዙ አዲስ ክፍል እየተሠራ ነው። ከዚያ መካከል ጥቂቱ ገና ከንድፉ ላይ ለዚህ ቢለይ፣ በኋላ ከሚደረግ ልመና ይሻላል።

ሦስተኛው መደራጀት ነው። የበርሊኑን ምሳሌ ስንሰማ ሩቅና የሠለጠነ ነገር ይመስለናል፤ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል ተቋም ግን ከየቤታችን ደጃፍ አለ። ዕድርን አስቡ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የሁሉ ነው፤ አባል ሲወጣ የድንኳኑን ቁራጭ ቆርጦ አይሄድም፤ መሥራቾቹ ሲያልፉ ዕድሩ አያልፍም። ኤክስሮታፕሪንት ለሕንፃ ያደረገውን ዕድር ለድንኳን ሲያደርግ ኖሯል። ባለሙያዎቻችን በኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ ተደራጅተው፣ ንብረቱ ከማኅበሩ እንዳይወጣ በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያስሩ፣ ልማዱ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። የዕድርን ድክመትም ማስታወስ ይገባል፤ ዕድር በሰፈር የታሰረ ነውና ሰፈሩ ሲበተን እርሱም ይላላል። የጥበብ ማኅበሩ ከሰፈር ወደ ሰፈር አብሮ መጓዝ የሚችል ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል። ከቶሮንቶ እንደተማርነውም በዕዳ ከመስፋት በራስ አቅም ጠቦ መቆየት ይበልጣል።

አራተኛው የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለትውልድ ሠዓልያን ያፈራው ጥሩ መምህራን ስለነበሩት ብቻ አይደለም፤ ወጣቶች በአንድ ግቢ፣ በሰፊ ክፍል፣ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ስላስቻለም ነው። ተመራቂው በወጣ ማግሥት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣል። የእኛ ተቋማት በምሽትና በክረምት ወራት ተቆልፈው የሚያድሩ ክፍሎች አሏቸው። ከምረቃ በኋላ ላሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት እነዚህን ክፍሎች በተራ ለተመራቂዎች መክፈት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቁልፍ፣ ዘበኛና ፈቃደኛ የሆነ አስተዳደር ነው። ከዌስትቤዝ ጉድለት ተምረንም ዘመኑን ብንወስነው፣ የሚቀጥለው ተመራቂ በር ላይ አይቀርም።

እነዚህ አራት ነገሮች ቢደረጉ እንኳ አንዳንድ ቤቶች ይዘጋሉ፤ አንዳንድ ማኅበራት ይፈርሳሉ። ሁሉም እንዲዘልቅ አልመኝም፤ ጥበብም ማለፍንና መታደስን ይሻል። በተፈጥሮ ማለፍና መሄጃ በማጣት መበተን ግን አንድ አይደሉም። የፊተኛው ለተተኪው ቦታ ይለቃል፤ የኋለኛው ተተኪው የሚማርበትን ቤት ጭምር ይዞ ይሄዳል። ወጣቷ ተወዛዋዥ እስክስታን የምትማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእርሷ በፊት የጨፈረችው ሴት ትከሻ ላይ ዓይኗን ተክላ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ክፍል ከሌለ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ አንድ ጊዜ የተቋረጠ ትምህርት ደግሞ በካሣ አይመለስም።

የተወደደ ሰፈር መኖሩ ክፉ አይደለም። ሁላችንም የሚወደድ ሰፈር እንመኛለን። ሥራችን ሰፈሩ በአንደኛው ትርጉም ሲወደድ፣ በሁለተኛው ትርጉም ያስወደዱትን ሰዎች እንዳያስወጣ ሕግና ማኅበር ማበጀት ነው። የሚበጀውም ዛሬ ነው፤ ገና ርካሽ የሆኑ ሰፈሮች በከተማችን ዳርቻ አሉና፣ ወጣት ባለሙያዎችም ወደዚያው እየሄዱ ነውና። እዚያ ሲደርሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ኪራዩ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ውሉ እስከ መቼ ነው? በማን ስም ነው?» የሚል ይሁን።